አርባ ሁለት ቀዳዳና አንድ አውራ ጣት

ሰኞ፣ 4

እኔ እናገራለሁ፣ ሚስቴ ትጽፋለች። ፊደል አልቆጠርኩም፤ አላፍርበትም። እሷ በመሥሪያ ቤታችን ሠላሳ ዓመት ታይፒስት ነበረች። ጡረታ ከወጣች ስድስት ዓመቷ ነው፣ ጣቷ ግን ሥራ መፍታት አልለመደም። በቃል ያለ ይረሳል፣ በጽሑፍ ያለ ይወረሳል ይባላል። እኔ የማወርሰው የለኝም። ግን ሠላሳ ስምንት ዓመት ምን ተሸክሜ እንደተመላለስኩ ነገ የሚያውቅልኝ አይኖርምና ይጻፍ። ቃሌን ሳታሳምሪ ጻፊ አልኳት። «ቢያምር ምን ይጎዳሃል?» አለች። ይህንንም ጻፈችው።

ዛሬ ሁላችንንም ሰበሰቡን። የኮምፒውተሩ ባለሙያ ተነሣ። ቀጭን ነው፣ ሲናገር የራሱን ጫማ ያያል። ከወሩ መጨረሻ ጀምሮ በቢሮ ኮምፒውተር ላይ ማንም ፍላሽ አይሰካም አለ። ፍላሽ ማለት ያልታጠበ እጅ ማለት ነው፣ ከየት እንደመጣ ሳይታወቅ ሁሉም ሳህን ውስጥ ይገባል አለ። ሰው ሁሉ ዞሮ እኔን አየ። ፍላሹ ያለው እኔ አንገት ላይ ነዋ።

ለማያውቅ ልንገር። መሥሪያ ቤታችን የቤትና የቦታ ይዞታ የሚመዘገብበት ነው። ሕንፃው ሁለት ነው፤ በመካከላቸው መንገድ አለ። የኮምፒውተሩ ገመድ መንገዱን አልተሻገረም። የሚሻገረው እኔ ነኝ። ከዚያ ወዲህ፣ ከዚህ ወዲያ፣ ጥፍር በምታህል ፍላሽ የሰውን ቤት ሁሉ በአንገቴ አንጠልጥዬ እሻገራለሁ። ሦስት ፍላሾች አሉኝ። አንድም ቀን አልጠፋብኝም።

እጄን አነሣሁና «የኔ እጅ ታጥቧል» አልኩ። ሳቁ። እኔ ግን አልቀለድኩም።

ሐሙስ፣ 7

ሮጥ ሮጥ። ማዶ ስድስት ጊዜ ተሻገርኩ። ዝናብ።

ሚስቴ የግድግዳው ፎቶ የት ሄደ አለች። መስታወቱን ላስቀይር ነው አልኳት። መስታወቱ ደህና ነበር አለች። ሰው በቤቱ ሁሉ ነገር ይጠየቃል እንዴ?

እሑድ፣ 10

ዛሬ እረፍት ስለሆነ ስለ ድሮው ላውራ።

ፍላሽ ሳይመጣ ከረጢት ነበር። ወፍራም ሸራ፣ አፉ በሲባጎ የሚታሰር። ሲባጎው ላይ ቀይ ሰም አቅልጬ አፈስና ሳይደርቅ የነሐሱን ማኅተም እጫንበታለሁ። ማኅተሙ የኔ ነበር። ሥራ አስኪያጁ እንኳ አይነካውም። ማዶ ያለው ተረካቢ ሰሙን አይቶ፣ አገላብጦ፣ አሽትቶ ይቆርጠዋል። ሰሙ ከተሰነጠቀ ነገር አለ። በኔ ዘመን የተሰነጠቀ አልደረሰም። የሰሙ ሽታ እስከ ማታ ከጣቴ አይለቅም ነበር። አሁንም አንዳንዴ ይሸተኛል፤ ሚስቴ አፍንጫህ አርጅቷል ትላለች።

የታይፕ ክፍሉ ሁለተኛ ፎቅ ላይ ነበር። ሰባት ሴቶች ሰባት መኪና ላይ ሲመቱ ደረጃው ላይ ቆሜ እሰማለሁ። ድምፁ ሁሉ አንድ ይመስላል፣ ግን አይደለም። አንዷ እየመታች ድንገት ታቆማለች፣ ታስባለች፣ ከዚያ እንደ በረዶ ታወርደዋለች። ማን እንደሆነች ለማየት ነው ከረጢት ሳይኖረኝ የወጣሁት። ቀና ብላ «ምን ፈለግክ?» አለችኝ። «ከረጢት» አልኩ። «ከረጢቱማ ታች ነው፣ አንተው ነህ ያስቀመጥከው» አለች። ይህንን አትጻፊው ብያት ነበር።

ዛሬ እነዚያ ሴቶች የሉም። ሰባቱ መኪናዎች ዕቃ ግምጃ ቤት ተደራርበዋል፣ አቧራ ጠጥተዋል። ኮምፒውተር ድምፅ የለውም። ሰው ይሥራ ይተኛ አይታወቅም።

የግድግዳው ፎቶ የዚያን ጊዜ ነው። አሥራ ሁለት ሰው ደረጃው ላይ። እኔ ዳር ከረጢቴን ይዤ ቆሜአለሁ። እሷ ፊት ረድፍ ተቀምጣለች፣ ግን የክረምት እርጥበት ከአንገቷ በላይ በልቶታል። የሌሎቹ ፊት ሁሉ አለ፣ የሷ ብቻ ነጭ ሆኗል። ከአሥራ ሁለቱ በሕይወት ያለነው እኔና እሷ ነን። ልጆቻችን የእናታቸውን የዚያን ጊዜ መልክ አያውቁም።

ማክሰኞ፣ 12

ዛሬ ምንም አልሆነም። ምሳ ሰዓት ላይ መዝገብ ቤት ሰው አልነበረም። ዝናብ ነበር። ምንም አልሆነም።

ረቡዕ፣ 13

ጉድ። ጠዋት ሲከፍቱ መዝገቡ ሁሉ ታሟል። ስሙ አለ፣ ውስጡ የለም። መዝገብ ቤት ጀመረ፣ ወደ ቅየሳ ክፍል ሄደ፣ ከዚያ ባለጉዳይ ወደሚስተናገድባቸው መስኮቶች። ባለሙያው ከክፍል ክፍል እየሮጠ ገመድ ይነቅላል። ውጭ ሰልፉ እስከ በሩ። አንዲት ሴት ቤቴ ጠፋ ወይ ብላ አለቀሰች። ቤትሽማ አለ እናቴ፣ ወረቀቱ ነው አልኳት።

ማን አመጣው ይላሉ። እኔ ምን አውቃለሁ።

ዓርብ፣ 15

ባለ እርሳሷን አገዷት።

ባለ እርሳሷ የመዝገብ ቤቷ ሠራተኛ ናት። እርሳስ ከጆሮዋ ላይ አይወርድም። ባለሙያው መርምሮ በሽታው የገባው በሷ ማሽን ነው፣ ማክሰኞ ምሳ ሰዓት፣ በፍላሽ ነው አለ። እሷ በዚያ ሰዓት እናቷን ሐኪም ቤት ልታደርስ ወጥታ ነበር። ይህ ማስረጃ አልሆነላትም፤ ማሽኑን ሳትዘጋ ወጥታለችና ወይ ራሷ ናት ወይ በሷ ቸልተኝነት ነው፣ ሁለቱም ያው ነው ተባለ። ጉዳዩ እስኪታይ ቤቷ ትቀመጥ፤ ከታየ በኋላ መባረር ነው ይላሉ።

እኔም እላለሁ፣ ማሽን ክፍት ትቶ መሄድ ጥፋት ነው። እኔ ከረጢት ክፍት ትቼ ሄጄ አላውቅም። ጥፋት ጥፋት ነው።

ሚስቴ ቀና ብላ አየችኝ። ምን ታያለሽ፣ ጻፊ አልኳት።

ማክሰኞ፣ 19

ዛሬ እውነት ሠራሁ።

ኮምፒውተሩ እስኪድን ሰው መስኮት ላይ መቆም የለበትም፣ የወረቀቱ መዝገብ ይውጣ ተባለ። ወረቀቱ ከአሥር ዓመት በፊት ማዶ ምድር ቤት ተጥሏል፤ ቁጥሩን የያዘው ዝርዝር ያለው ደግሞ ኮምፒውተር ውስጥ ነው። ሁሉም ተያዩ። እኔ ቁልፉን አምጡ አልኩ።

እነዚያን መዝገቦች የደረደርኩት እኔ ነኝ። ፊደል የማያውቅ ሰው በፊደል አይደረድርም። የወንዙ ዳር ሰፈር በጥቁር ሲባጎ፣ የገበያው ጀርባ በነጭ፣ ክርክር ያለበት ሁለት ቋጠሮ። የድሮው ሹም ወረቀቱ ወፍራም ስለነበር የሱ ዘመን ሲነኩት ይታወቃል። ስም ይነግሩኛል፣ እኔ ሰፈሩን እጠይቃለሁ፣ ሄጄ አወጣለሁ። እስከ ዘጠኝ ሰዓት ስልሳ አንድ መዝገብ። አንድ ብቻ ሳትኩ፤ እሱንም አይጥ ስለበላው ነው።

የቅየሳው ኃላፊ እየሳቀ፣ «ጋሼ ፖስታ፣ እርስዎን ስካን አድርገን ብናስገባዎ ይሻል ነበር» አለኝ። ጋሼ ፖስታ ነው የሚሉኝ። ሲባጎው እጄ ላይ ሲፈታ ሠላሳ ዓመቴ ተመለሰ። ጉልበቴን ረሳሁት።

ሐሙስ፣ 21

ሥራ አስኪያጁ መጥቶ በሁለት እጁ ጨበጠኝ። ያለ እርስዎ ምን ይውጠን ነበር አለ። የምስጋና ወረቀት ይጻፍልዎታል፣ በሁሉም ፊት ይነበባል አለ። ለኔ ወረቀት!

ከሰዓት በኋላ ባለ እርሳሷ ዕቃዋን ልትወስድ መጣች። አንድ ጽዋ፣ አንድ ሹራብ፣ አበባ ያለበት ትራስ። ደረጃው ላይ ሁለት ሰዎች ሲያወሩ ሰማሁ። «ሁልጊዜ ከቤት ፍላሽ ታመጣ ነበር እኮ» አለ አንዱ። አምጥታ አታውቅም። እኔ ግን ደረጃውን ወረድኩ። 

እሷ እኔን ስታይ ፈገግ አለች። ዕቃዋን እስከ በሩ ተሸከምኩላት። «ጋሼ፣ ዓሣውን፣ ዛፉንና ፀሐዩን አደራ፣ ቀለሙ ከለቀቀ ሌላ ሰው እንዲቀባልዎ ያድርጉ» አለችኝ።

ይህ ምን እንደሆነ ላስረዳ። ፍላሾቹ ሦስቱም ጥቁር ናቸው። መጀመሪያ ሲሰጡኝ ወረቀት ለጥፈው ጽፈውባቸው ነበር፤ እኔ የትኛው የማን እንደሆነ ጠይቄ መዋረድ አልፈለግኩም። እሷ አንድም ቃል ሳትናገር በማግስቱ በጥፍር ቀለም ሥዕል ሠርታባቸው ጠበቀችኝ። ዓሣ ለቅየሳ፣ ዛፍ ለመዝገብ ቤት፣ ፀሐይ ለሥራ አስኪያጁ። ሰው ሲጠይቃት ለውበት ነው ትል ነበር። ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ለውበት ነው እንዳለች ነው።

በቃኝ ለዛሬ።

ቅዳሜ፣ 23

ሚስቴ አትጽፍም። ብዕሩን አስቀመጠች። ፎቶው የት ነው፣ ከሁለት ሳምንት በላይ መስታወት አይቀየርም አለች። በቤቴ መርማሪ ተቀመጠብኝ ብዬ ጮህኩ። «እኔ ሠላሳ ዓመት የሰው ውሸት ስታይፕ ኖሬአለሁ፤ ያንተን ግን በእጄ አልጽፍም» አለች።

ይህችን ብቻ ጻፈች።

እሑድ፣ 24

እሺ። ይጻፍ።

ፎቶውን አውርጄ ከመሥሪያ ቤቱ ፊት ለፊት ላለችው ኮፒ ቤት ሴት ሰጠኋት። የሚስቴን ፊት መመለስ ትችያለሽ ወይ አልኳት። ሌላ ፎቶ አለ ወይ አለች። ለልጆቻችን እንኳ አሳይታ የማታውቀውን የድሮ የሥራ መታወቂያዋን ከሳጥን ሰርቄ ሰጠኋት። ከዚያ ላይ ወስዳ፣ አስተካክላ፣ ነጩ ቦታ ላይ አስገባችው። ቀለሙ ስላለቀባት አላተመችልኝም፤ አንድ አሮጌ ፍላሽ ከመሳቢያ አውጥታ በሱ ሰጠችኝ። ሥዕል የሌለበት ፍላሽ ነው። አራተኛ። በነጋታው አትማ ልትሰጠኝ ነበር፣ ግን እኔ ነጋታውን መጠበቅ አቃተኝ።

የዚያን ማክሰኞ፣ በ12፣ ምሳ ሰዓት መዝገብ ቤት ገባሁ። የባለ እርሳሷ ኮምፒውተር መስኮት ሰፊ ነው፣ በመሥሪያ ቤቱ ትልቁ እሱ ነው። ወንበሯ ላይ አበባ ያለበት ትራስ አለ። ተቀመጥኩ። ዘጠኝ ዓመት ስትሰካ አይቻለሁ፤ እጄ ያውቀዋል። አንዴ አልገባ አለኝ፣ ገለበጥኩት፣ ገባ። ጢን አለ። መስኮቱ ላይ የወጣችውን ቢጫ ሳጥን ሁለቴ መታሁ።

ወጣች። መስኮቱን ሞላችው። ያቺ ፀጉሯን ወደ ኋላ የምታስር፣ አንገቷን ትንሽ ዘንበል አድርጋ ምን ፈለግክ የምትል። ሌሎቹ አሥሩም ነበሩ፤ ግን እኔ አላየኋቸውም። የሰሙ ሽታ መጣብኝ። ምን ያህል እንደተቀመጥኩ አላውቅም። ኮሪደሩ ላይ ጫማ ሰማሁ፣ ነቅዬ ኪሴ ከትቼ ወጣሁ።

በሽታው ከዚያ ነው የመጣው። ረቡዕ ጠዋት፣ ባለሙያው ገመድ ሲነቅል ያኔ አውቄአለሁ። አላውቅም ማለቴ ውሸት ነበር። እኔ ነኝ ያልታጠበው እጅ።

ሚስቴ ስትጽፍ አንገቷን አላነሣችም። መጨረሻ ላይ፣ «ለኔ ፊት ብለህ የሰውን ልጅ ፊት አስጠቆርክ» አለችኝ። አልተቆጣችም። ብትቆጣ ይሻለኝ ነበር።

ሰኞ፣ 25

የተወለወለውን ጫማዬን አድርጌ ሥራ አስኪያጁ ዘንድ ገባሁ። ባለሙያውም ነበር፣ የቅየሳው ኃላፊም። ቆሜ ነው የተናገርኩት። በሽታውን ያስገባሁት እኔ ነኝ፣ ልጅቷ የለችበትም አልኩ።

እርስ በርስ ተያዩ። ከዚያ ሥራ አስኪያጁ ፈገግ ብሎ ወንበር ሳበልኝ።

«ጋሼ፣ ልብዎ ጥሩ ነው። ግን ለሷ ብለው ራስዎን አያስጠይቁ። እርስዎ ፊደል አያውቁም። ኮምፒውተር እንዴት አድርገው ይከፍታሉ?»

ሠላሳ ስምንት ዓመት ማንም በፊቴ ያልተናገረውን ዛሬ ሊያድኑኝ ብለው ተናገሩኝ። ያ ሁሉ ሰው ያውቅ ነበር ማለት ነው። ጆሮዬ ሞቀ። ሰው ጥፋቱን ሲናገር አለማመን ምን ዓይነት ስድብ ነው!

«ለመክፈት ፊደል አያስፈልግም» አልኩ። «ማሽን ስጡኝ።»

ባለሙያው ጫማውን ማየቱን ተወ። ከማንም ጋር ያልተያያዘ አሮጌ ማሽን አምጥቶ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠልኝ። ፍላሹን ከኪሴ አወጣሁ። ፊታቸው ተቀመጥኩ። አንዴ አልገባም፣ ገለበጥኩት፣ ገባ። ሁለቴ መታሁ። አሥራ ሁለታችንም ደረጃው ላይ ወጣን።

 ባለሙያው ተጠግቶ ጎንበስ አለ።

«የዚያን ማክሰኞ ስድስት ሰዓት ከሃያ ላይ አንድ ፎቶ ተከፍቷል፣ ማሽኑ መዝግቦታል» አለ። «በሽታን የሚያመጣ ሰው ፎቶ ከፍቶ ሃያ ደቂቃ አይቀመጥም ብዬ ስጨነቅ ነበር።» ሥራ አስኪያጁ በጣቱ ፊት ረድፉን አሳይቶ ይህቺ ማን ናት አለ።

«ባለቤቴ ናት» አልኩ። «ታይፒስት ነበረች። በደንብ ትመታ ነበር።»

ሰኞ፣ የአዲሱ ወር 2

ተወሰነ። ባለ እርሳሷ ዛሬ ተመለሰች። ማሽን ሳትዘጋ በመውጣቷ በቃል ተገሠጸች፣ በቃ። እኔ በወሩ መጨረሻ በጡረታ እሰናበታለሁ። የምስጋናው ወረቀት ቀረ። አልጠየቅኩም። ባይነበብም ስልሳ አንዱን መዝገብ ያወጣሁት እኔው ነኝ፤ ይህንን ማንም አይፍቀውም።

ፍላሽ የሚባል ነገር ከዛሬ ጀምሮ ቀረ። ባለሙያው በኔትወርኩ በኩል ዘግቶታል፤ ግን አሮጌዎቹ ማሽኖች ትእዛዝ አይሰሙም አለ። ስለዚህ በሁሉም ላይ ፍላሽ የሚሰካበት ቀዳዳ ማሸጊያ ወረቀት ይለጠፍበታል፣ ወረቀቱ ላይ የአሻጊው ፊርማ ይኖራል፣ ከተነካ ይቀደዳል፣ ይታወቃል። ማን ያሽግ ተባለ። ባለሙያው፣ ጋሼ ናቸው ሲያሽጉ የኖሩት አለ። ሥራ አስኪያጁ እጄን አየ። ከዚያ እሺ አለ።

የመንገዱ ገመድ እስኪዘረጋ ደግሞ ወረቀት በከረጢት ይሻገራል። ከረጢቱን ከግምጃ ቤት አወጣሁት። ሸራው አልሞተም።

ስለ ፎቶው ባለሙያውን ጠየቅኩት። ፍላሹ የግድ ይጠረጋል፣ ሥዕሉን ለብቻው ማውጣት ደንቡ አይፈቅድም አለ፣ እያፈረ። ኮፒ ቤቷም በዚያው በሽታ ማሽኗን ሁሉ አስጠርጋለች። ጥረገው አልኩት። ደንብ ደንብ ነው። እኔ የተሰነጠቀ ሰም ተቀብዬ አላውቅም።

ዓርብ፣ 6

አርባ ሁለት ማሽን። በየክፍሉ ተንበርክኬ ገባሁ፤ ጉልበቴ እንደ አሮጌ በር ነው የሚጮኸው። ባለሙያው ወረቀቱን ይለጥፋል። ፊርማ ስለሌለኝ አውራ ጣቴን ቀለም ነክሬ እጫናለሁ። ሰም ቢሆን ይሞቅ ነበር፤ ይህ ቀዝቃዛ ነው። ግን ሲጫኑት ያው ነው፣ ይዘህ ትንሽ ቆይተህ ትለቃለህ። አርባ ሁለት ጊዜ።

የመጨረሻው የባለ እርሳሷ ነበር። ትራሱን ከወንበሯ አንሥታ ከጉልበቴ ሥር አደረገችልኝ። ምን እንደምላት ከቤት አስቤ መጥቼ ነበር፤ ሁሉም ጠፋብኝ። ጥፋቴ ነው ልጄ አልኳት።  እርሳሷን ከጆሮዋ አውርዳ ማሸጊያው ጥግ ላይ፣ ከጣቴ አጠገብ፣ ትንሽ ነገር ሣለች። ከረጢት ነው። አፉ የታሰረ።

«ለውበት ነው» አለች።

ወደ ቤት ስመለስ ፎቶውን ከኮፒ ቤቷ ተቀብዬ መጣሁ። ቦታው ላይ ሰቀልኩት። መስታወቱ ያው ነው፣ ነጩም ያው ነው። አሥራ አንድ ፊት አለ፣ አንዱ የለም። ሚስቴ ከሥሩ ተቀምጣ ይህንን ትጽፋለች፣ መነጽሯ አፍንጫዋ ጫፍ ላይ ወርዷል። ትጽፍና ድንገት ታቆማለች፣ ታስባለች፣ ከዚያ ታወርደዋለች።

እስቲ ቀና በይ አልኳት። ቀና አለች።

«ምን ፈለግክ?» አለችኝ።

ይህንን አትጻፊው አልኳት።